ከ6 ወደ 5 ስንት ነው?

ጠረጴዛው ላይ ስድስት ነጫጭ ሲኒዎች ተደርድረዋል። አንደኛው የሎሚ ጭማቂ ይዟል፤ ሁለተኛው ከተቦካ ሊጥ ላይ የተቀዳ እርሾ፤ ሦስተኛው የቧንቧ ውሃ፤ አራተኛው ቤኪንግ ሶዳ የተበጠበጠበት ውሃ፤ አምስተኛው የልብስ ሳሙና፤ ስድስተኛው ደግሞ አመድ ተዘፍዝፎበት አድሮ በጨርቅ የተጠለለ ውሃ። የኬሚስትሪ መምህሩ ከቤታቸው በፔርሙዝ ይዘውት የመጡትን ወይን ጠጅ መልክ ያለው ውሃ በየሲኒው ጠብ ጠብ ያደርጋሉ። ቀይ ጥቅል ጎመን ተከትፎ የተቀቀለበት ውሃ ነው። ሎሚው ላይ ሲያርፍ ደማቅ ቀይ ሆነ። እርሾው ፈዛዛ ሮዝ አወጣ። የቧንቧው ውሃ ትንሽ ወደ ሰማያዊ ቢያደላም እንዳለ ቆየ። ሶዳው ጥርት ያለ ሰማያዊ ሆነ፤ ሳሙናው በሰማያዊና በአረንጓዴ መካከል ዋለለ፤ የአመዱ ውሃ አረንጓዴ ሆነና ጥቂት ቆይቶ ወደ ቢጫ መሄድ ጀመረ።

ከኋላ ያሉት ልጆች ለማየት ወንበር ላይ ወጥተዋል። መምህሩ ግን ቀለሙ ላይ ብዙ አልቆዩም። እያንዳንዱን በመመርመሪያ ወረቀት አስነክተው ከየሲኒው ፊት በጠመኔ ቁጥር ጻፉ፦ 2፣ 4፣ 7፣ 8፣ 10፣ 11። ከዚያ ቀና ብለው፣

«እስቲ ንገሩኝ፤ ሎሚው ከእርሾው በስንት እጥፍ አሲዳማ ነው?»

«ሁለት እጥፍ!» አለ ክፍሉ ባንድ ድምፅ።

አንዲት ልጅ እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ 2 ከ4 ያንሳል እኮ። እርሾው አይደል እንዴ የሚበልጠው?»

«ቁጥሩ ሲያንስ አሲዱ ይበዛል። ለምን እንደሆነ እንመጣበታለን፤ ጥሩ ጠየቅሽ። ሁለት እጥፍ ያላችሁት ግን አልሆነም። መቶ እጥፍ ነው።»

ብዙዎቻችን ከትምህርት ቤት ይዘነው የወጣነው የፒኤች እውቀት አንድ መስመር ነው፦ ከ7 በታች አሲድ፣ ከ7 በላይ ቤዝ፣ 7 ራሱ ገለልተኛ። መስመሩ ለፈተና ያሳልፋል። ጉዳቱ ፒኤችን እንደ ሜትርና እንደ ኪሎ ያለ፣ ተደምሮ ተቀንሶ የሚያልቅ ቁጥር አስመስሎ መተው ነው። በዚህ መለኪያ እያንዳንዷ እርምጃ በአሥር ማባዛት ናት። ይህን ያልያዘ ተማሪ የቀረውን ምዕራፍ ይሸመድደው ይሆናል እንጂ አይረዳውም ባይ ነኝ።

ቤት ውስጥ ሊሞክረው ለሚፈልግ አንድ ነገር ልበል። ቀይ ጥቅል ጎመን ካልተገኘ ከርከዴ ይሠራል፤ የሁለቱም ቀለም አንቶሲያኒን ከሚባሉ ውሁዶች የሚመጣ ነው። ቀይ ሥር ግን ያሳፍራል። መልኩ የተሻለ ቢመስልም ቀለሙ ከሌላ ዘር ስለሆነ ሎሚም ሶዳም ቢጨመርበት እምብዛም አይለወጥም። በዕፅዋት ቀለም አሲድንና ቤዝን መለየት አዲስ ነገር አይደለም፤ ሮበርት ቦይል እ.ኤ.አ. በ1664 ስለ ቀለማት ባሳተመው መጽሐፍ ላይ የቫዮሌት አበባ ሽሮፕ በአሲድ ሲቀላ፣ በቤዝ ወደ አረንጓዴ ሲለወጥ ማየቱን ጽፏል።

ውሃ ውስጥ ያለው ቆጠራ

ሎሚን፣ ኮምጣጤን፣ እርሾንና የመኪና ባትሪ ውስጥ ያለውን አሲድ አንድ የሚያደርጋቸው ውሃ ውስጥ የሃይድሮጅን አዮን መልቀቃቸው ነው። ሃይድሮጅን ከአቶሞች ሁሉ ቀላሉ ነው፤ አንድ ፕሮቶንና አንድ ኤሌክትሮን። ኤሌክትሮኑን ትቶ ሲሄድ የሚቀረው ፕሮቶን ብቻ ነው፤ እሱም ለብቻው መቆም ስለማይችል ወዲያው አጠገቡ ያለ የውሃ ሞለኪውል ላይ ይለጠፋል። ምላስ ላይ የሚጎመዝዘው፣ ብረት የሚበላው፣ የጎመኑን ቀለም የሚቀይረው ይኸው ነው። ቤዝ ደግሞ ተቀባዩ ነው፤ ፕሮቶኑን ይወስዳል። አሲድ ሰጪ፣ ቤዝ ተቀባይ የሚለውን አተያይ የዴንማርኩ ዮሃንስ ብሮንስቴድና የእንግሊዙ ቶማስ ሎውሪ ሳይነጋገሩ በአንድ ዓመት፣ በ1923፣ አወጡት።

ውሃ ራሱ ሰጪም ተቀባይም ነው። በንጹህ ውሃ ውስጥ አንዱ ሞለኪውል ለሌላው ፕሮቶን ይሰጣል፣ መልሶም ይቀበላል። በ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በየትኛውም ቅጽበት የተሰነጠቀውን ብንቆጥር ከ550 ሚሊዮን በላይ ከሆኑ ሞለኪውሎች አንዱን ብቻ እናገኛለን። ሞል በሚባለው የኬሚስቶች መቁጠሪያ በአንድ ሊትር 0.0000001 ሞል የሃይድሮጅን አዮን ማለት ነው። በእርሾው ሲኒ ውስጥ 0.0001 ሞል አለ። በሎሚው 0.01። በአመዱ ውሃ 0.00000000001።

እነዚህን ዜሮዎች ጽፎ የማይሰለች የለም። ስለዚህ አንድን ቁጥር ከመጻፍ ይልቅ 1 ከነጥቡ በኋላ በስንተኛው ቦታ ላይ እንደተቀመጠች መናገር ይቀላል። በሎሚው ሁለተኛ ቦታ ላይ ናት፤ ፒኤች 2። በእርሾው አራተኛ፤ ፒኤች 4። በንጹህ ውሃ ሰባተኛ። በአመዱ ውሃ አሥራ አንደኛ። የልጅቷ ጥያቄ እዚህ ላይ ይመለሳል፦ 1 ከነጥቡ በራቀች ቁጥር አዮኑ እየሳሳ ይሄዳል፣ የቦታዋ ተራ ቁጥር ግን እያደገ ይመጣል። ከሁለተኛው ቦታ ወደ አራተኛው ለመድረስ ሁለት ጊዜ በአሥር መከፈል አለበት፤ መቶው የመጣው ከዚያ ነው።

ቁጥሩ ሙሉ ሳይሆን ሲቀር የቦታውን ሥራ ሎጋሪዝም ይረከበዋል። ተማሪ ካልኩሌተር ከመምዘዙ በፊት ሁለት ነገር በቃሉ ቢይዝ ብዙ ይጠቅመዋል፦ ፒኤች በ0.3 ሲወርድ አዮኑ እጥፍ ይሆናል፤ በ0.5 ሲወርድ ሦስት እጥፍ ያልፋል። የሰው ደም ፒኤች ከ7.35 እስከ 7.45 ባለው ጠባብ ክልል ውስጥ ይኖራል። የሕመምተኛው 7.4 የነበረው 7.1 ሆኗል ሲባል ለሰሚው ትንሽ መንሸራተት ይመስላል። ሐኪሙ የሚሰማው ግን ደሙ ውስጥ ያለው የሃይድሮጅን አዮን እጥፍ ሆነ የሚለውን ነው፤ በድንጋጤ የሚሯሯጠውም ለዚሁ ነው። ከዚያው ደም አጠገብ፣ በቀጭን የጨጓራ ግድግዳ ተለይቶ፣ ፒኤቹ 2 የሆነ ፈሳሽ አለ፦ ከደሙ ሩብ ሚሊዮን ጊዜ የሚበልጥ።

ክፍል ውስጥ ደጋግመው የሚመጡ ሁለት ስህተቶች አሉ፤ ሁለቱም ማባዛቱን ከመርሳት የሚመጡ ናቸው። መጀመሪያው አማካይ መውሰድ ነው። ፒኤቹ 4 የሆነ ጠንካራ አሲድ ከእኩል መጠን ፒኤች 6 ካለው ጋር ሲቀላቀል ተማሪው 5 ይላል። አዮኖቹን ቆጥረን ካየን ግን በአንደኛው ብርጭቆ 100 እጅ፣ በሌላኛው 1 እጅ ነው ያለው። ሁለቱ ተደምረው በእጥፍ ውሃ ውስጥ ሲበተኑ 50 እጅ ተኩል ይሆናሉ፤ ፒኤቹም 4.3 ገደማ ነው። ባለ 6ቱ ውሃ ያደረገው ነገር ቢኖር ማቅጠን ብቻ ነው።

ሁለተኛው ስህተት የበለጠ ያስቃል። ፒኤቹ 6 የሆነን አሲድ በውሃ አሥር እጥፍ ብናቀጥነው 7፣ መቶ እጥፍ ብናቀጥነው 8 ይሆናል ብሎ የሚጽፍ ተማሪ በየዓመቱ አይጠፋም። አሲድ ውሃ ስለበዛበት ቤዝ አይሆንም። እየቀጠነ ሲሄድ አንድ ቦታ ላይ ከአሲዱ የሚመጣው አዮን ውሃው ራሱ ከሚያወጣው ያንስና ቁጥሩ 7 አጠገብ ሲደርስ ይቆማል፤ 6.98፣ 6.99 እያለ።

7ትም ብትሆን የማትነቃነቅ አይደለችም። ውሃ ሲሞቅ አብዝቶ ይሰነጠቃል፤ በ60 ዲግሪ የንጹህ ውሃ ፒኤች 6.5 አካባቢ ነው። አሲድ ሆነ ማለት አይደለም፤ ሃይድሮጅን አዮኑና ፕሮቶን ከሰጠው የውሃ ሞለኪውል የሚተርፈው ሃይድሮክሳይድ እኩል ናቸውና አሁንም ገለልተኛ ነው። ቤተ ሙከራ ውስጥ ደግሞ የተጣራ ውሃ ተለክቶ 5.6 ሲያሳይ መሣሪያው ተበላሽቷል የሚል አለ። ብዙ ጊዜ መሣሪያው ደህና ነው፤ ውሃው ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጠጥቶ ካርቦኒክ አሲድ ሠርቷል። ንጹህ ዝናብም በዚሁ ምክንያት መሬት የሚደርሰው 5.6 ሆኖ ነው። ይህችን ቁጥር አፈር ላይ ስንደርስ እንፈልጋታለን።

ቢራ ጠማቂዎቹ

መለኪያው የተወለደው ቢራ ፋብሪካ ውስጥ ነው። የካርልስበርግ ቢራ ባለቤት ያኮብ ክርስቲያን ያኮብሰን በ1875 ኮፐንሃገን ላይ ቤተ ሙከራ አቋቋመ፤ ግኝቶቹም በምስጢር እንዳይያዙ፣ ለሁሉም እንዲታተሙ ደነገገ። ለነጋዴ እንግዳ የሆነ ውሳኔ ነው። በምግብ ውስጥ ያለ ፕሮቲንን በናይትሮጅኑ በኩል የሚለካው፣ እስከ ዛሬ የሚሠራበት የኬልዳል ዘዴ የወጣው ከዚያ ቤት ነው። ዮሃን ኬልዳል ሲሞት የኬሚስትሪ ክፍሉን በ1901 የተረከበው ሶረን ሶረንሰን ይባላል።

ሶረንሰንን ያስቸገረው የኢንዛይም ጉዳይ ነበር። ብቅል ውስጥ ያሉ ኢንዛይሞች ስታርቹን ወደ ስኳር የሚቆርጡት አሲዳማነቱ ልክ ሲሆን ብቻ ነው፤ ትንሽ ሲዛነፍ ይዘገያሉ፣ ሲብስ ይቆማሉ። የዘመኑ ሰው አሲድን የሚለካው በቲትሬሽን ነበር፦ ቤዝ እየጨመሩ አሲዱ እስኪያልቅ መቁጠር። ሶረንሰን ያስተዋለው ኢንዛይሙ ለጠቅላላው አሲድ ደንታ እንደሌለው ነው። ኢንዛይሙን የሚነካው በዚያች ሰዓት ነጻ ሆኖ ፈሳሹ ውስጥ የሚዞረው የሃይድሮጅን አዮን ነው። በ1909 ባወጣው ጽሑፍ ያን ነጻ አዮን በሎጋሪዝም የሚገልጸውን መለኪያ አስተዋወቀ። መሠረቱን የጣለለት የስዊድኑ ስቫንቴ አሬኒየስ ነበር፤ ጨውና አሲድ ውሃ ውስጥ ወደ አዮን ይበታተናሉ የሚለውን ሐሳብ በ1884 ለዶክትሬት ሲያቀርብ ኡፕሳላ ላይ ፈታኞቹ ዝቅተኛ ማዕረግ ሰጥተው ሸኙት፤ በ1903 የኬሚስትሪ ኖቤል ተሸለመ።

ዛሬ በየቤተ ሙከራው የምናየው ባለ ቁጥር መሣሪያ ደግሞ የሎሚ ባለውለታ ነው። ካሊፎርኒያ ውስጥ የሎሚ ጭማቂ የሚያዘጋጅ ድርጅት ኬሚስት የጭማቂውን አሲድ መለካት ቸገረው፤ እንዳይበላሽ የተጨመረበት ሰልፈር ዳይኦክሳይድ የመመርመሪያውን ቀለም ያነጣበት ነበር። በ1934 ይህን ለቀድሞ የትምህርት ጓደኛው ለአርኖልድ ቤክማን ነገረው። ቤክማን ቀደም ሲል የሚታወቀውን የመስታወት ኤሌክትሮድ ወስዶ ከእሱ የሚወጣውን ደካማ ቮልቴጅ የሚያጎላ መሣሪያ ሠራለት። የዛሬዎቹም በዚያው መንገድ ይሠራሉ። መሣሪያው አሲድ አያይም፤ ቮልቴጅ ነው የሚያነበው፣ በ25 ዲግሪ ለአንድ የፒኤች እርምጃ 59 ሚሊቮልት ገደማ። በአሥር ማባዛት መሣሪያው ላይ ሲደርስ እኩል እኩል ደረጃ ሆኖ ይወጣል።

ኪስና ዕቁብ

ሶረንሰን ነጻ ያለውንና ጠቅላላውን መለየቱ ቀላል ነገር አይምሰለን፤ ተማሪ አብዝቶ የሚምታታበት እዚህ ነው። ሁለት ብልቃጥ እናስቀምጥ። በአንዱ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ፣ በሌላው አሴቲክ አሲድ፣ ማለትም ኮምጣጤን ኮምጣጤ ያሰኘው አሲድ። የሁለቱም መጠን እኩል፣ በሊትር 0.1 ሞል ይሁን። የመጀመሪያው ፒኤች 1 ነው፤ ሞለኪውሎቹ በሙሉ ፕሮቶናቸውን ለቀዋል። የሁለተኛው 2.9 ነው፤ ከመቶ ሞለኪውል አንድ ቢለቅ ነው፣ የቀሩት ይዘው ተቀምጠዋል። አሁን ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ እያንጠባጠብን ሁለቱን እናምክናቸው። ተማሪው ኮምጣጤው ቶሎ ያልቃል ብሎ ይጠብቃል። የሚፈጀው ቤዝ ግን ከሃይድሮክሎሪኩ ጋር እኩል ነው። ነጻ የሆነው ፕሮቶን ሲነጠቅ የተቀመጠው እየወጣ ይተካዋል።

ኪሳችን ውስጥ ያለው ገንዘብና ዕቁብ ላይ ያለው ገንዘብ ሁለቱም የእኛ ናቸው፤ ኪስ የሚፈትሽ ሰው ግን የሚያየው አንደኛውን ብቻ ነው። ፒኤች ኪስ ይፈትሻል። ቲትሬሽን ዕቁቡንም ይቆጥራል። «ጠንካራ አሲድ» ማለትም ብዙ አሲድ ማለት አይደለም፤ ሁሉን በኪሱ የያዘ ማለት ነው። ፒኤቹ ተመሳሳይ ሆኖ አንዱ ፈሳሽ በጠብታ ሶዳ ሲገለበጥ ሌላው በማንኪያ ሲጨመርበት የማይነቃነቅበት ምክንያትም ይኸው ነው። በውስጡ ሰጪም ተቀባይም ያከማቸውን ፈሳሽ ኬሚስቶች ባፈር ይሉታል። ደማችን ባፈር ነው። አፈርም እንደዚያው።

የሊጥ እርሾ ለዚህ ጥሩ ምስክር ነው። ጤፍ ሲቦካ ባክቴሪያዎች ስኳሩን ወደ ላክቲክ አሲድ፣ በመጠኑም ወደ አሴቲክ አሲድ ይለውጡታል፤ ሁለቱም ደካማ አሲዶች ናቸው። ሊጡ በሁለት ሦስት ቀን ውስጥ ወደ 4 አካባቢ፣ ሲቆይም ከዚያ በታች ይወርዳል። ብዙ አሲድ ተከማችቶም ቢሆን ኪሱ ውስጥ ያለው ጥቂት ስለሆነ እንበላዋለን። 4 ደህና ቦታ ነው፤ ቦቱሊዝም የሚያመጣው ባክቴሪያ ከ4.6 በታች ማደግ አይችልም፣ ሌሎች በርካታ በሽታ አምጪዎችም ይቸገራሉ። አሲድን የማይፈራው ሻጋታ ነው። እንጀራ በሦስተኛ በአራተኛ ቀኑ የሚበላሸው በባክቴሪያ ሳይሆን በሻጋታ የሆነው ለዚህ ነው፤ እጅግ ስለኮመጠጠ ይቆያል ማለት ተስፋ ብቻ ነው።

ዳሎልና ጪቱ

የመማሪያ መጻሕፍት መለኪያውን ከ0 እስከ 14 አድርገው በባለ ቀለም ሠንጠረዥ ያትሙታል፤ ጫፎቹ ላይ አብዛኛውን ጊዜ የባትሪ አሲድና የቱቦ መክፈቻ ይቀመጣሉ። የእኛ አገር ተማሪ የተሻለ ምሳሌ አለው፣ በአንዱ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ።

ሰሜን ላይ ዳሎል አለ፣ በደናክል፣ ከባሕር ወለል ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ብሎ። ከሥር በማግማ የሚሞቅ ውሃ የጨውን ክምር ሰርስሮ ሲወጣ አሲዳማ የእሳተ ገሞራ ጋዞችን ይዞ ይወጣል። ጎብኚ ፎቶ የሚያነሳው ቢጫ፣ ብርቱካንማና አረንጓዴ በአብዛኛው የብረት ሥራ ነው፤ ብረቱ ኦክስጅን እያገኘ ሲሄድ መልኩ ይለዋወጣል። እዚያ ባሉት ኩሬዎች የተለካው ፒኤች ከዜሮ በታች ይወርዳል። ፒኤች ኔጋቲቭ ይሆናል እንዴ ለሚል ተማሪ መልሱ ከቦታ ቆጠራው ውስጥ አለ፦ በሊትር 1 ሞል ከሆነ ዜሮ ነው፤ ከዚያ ከበለጠ ከዜሮ በታች ይሄዳል። 0ም 14ም አጥር አይደሉም። ዳሎል ውስጥ ሕይወት አለ ወይስ የለም በሚለው እ.ኤ.አ. በ2019 የወጡ ጥናቶች አልተስማሙም፤ አንዱ ቡድን እጅግ ጥቃቅን ተሕዋስያን አገኘሁ ሲል ሌላው በጣም አሲዳማና ጨዋማ በሆኑት ኩሬዎች ውስጥ የሚኖር ነገር አጣሁ ብሏል።

ደቡብ ላይ፣ ከሻላ ሐይቅ አጠገብ፣ በእሳተ ገሞራ አፍ ውስጥ የተኛች ጪቱ የምትባል ትንሽ ሐይቅ አለች። ፒኤቿ 10 ገደማ ነው። አሠራሩ ከዳሎል ተቃራኒ ነው። ፍል ውሃዎች ከእሳተ ገሞራ ዐለት ሶዲየምና ባይካርቦኔት አጥበው ያመጣሉ፤ ሐይቁ መውጫ የለውም፤ ፀሐይ ውሃውን ትወስዳለች፣ የሟሟው ይቀራል። ካልሲየም ያለው ከካርቦኔት ጋር ተጣብቆ ቀድሞ ይዘቅጣል። ካልሲየሙ ሲያልቅ የሚያዘቅጠው ስለሌለ የተረፈው ካርቦኔት ከሶዲየም ጋር እየወፈረ ይሄዳል፤ ካርቦኔት ደግሞ ፕሮቶን ተቀባይ ነው። ከአቢጃታ ሐይቅ ሶዳ አሽ ሲመረት የቆየውም በዚሁ ምክንያት ነው። ጪቱ ግን ሙት ሐይቅ አይደለችም። ስፒሩሊና የሚባለው አረንጓዴ ደቂቅ ተሕዋስ ሞልቶባታል፤ ፍላሚንጎዎቹ የሚመጡት እሱን ፍለጋ ነው።

ከዜሮ በታች እስከ 10። በሠንጠረዡ ላይ የአንድ እጅ ስንዝር ያህል ነው። በቆጠራ ካየነው የዳሎሉ ከጪቱው ከአሥር ቢሊዮን እጥፍ በላይ ነው።

መሬቱ ማዳበሪያ አልቀበል ሲል

አብዛኛው አንባቢ ዳሎልን አያየውም። አፈሩ ግን በየእለቱ እንጀራችን ውስጥ አለ፤ ከመለኪያው ሁሉ ውድ ክፍያ ያለውም እዚያ ነው፣ ከ6 ወደ 5 በምትለው አንዲት እርምጃ ላይ።

ጎጃም፣ ወለጋ፣ ጅማ፣ ሲዳማ፣ ወላይታ፦ ዝናብ የበዛባቸው ደጋና ወይናደጋዎች ናቸው። ያ 5.6 ሆኖ የሚወርደው ዝናብ ለሺሕ ዓመታት አፈሩን ሲያጥብ ካልሲየሙንና ማግኒዢየሙን ይዞ ይወርዳል፣ በቦታቸው ሃይድሮጅንና አሉሚኒየም ይቀመጣሉ። ገበሬውም ምርቱን ከነገለባው ሲሰበስብ ከአፈሩ የወጣውን ቤዝ አብሮ ያነሳል። ዩሪያና ዳፕ ሲጨመር ደግሞ ከእነሱ የሚገኘውን አሞኒየም የአፈር ባክቴሪያዎች ወደ ናይትሬት ሲቀይሩት ሃይድሮጅን አዮን ይለቃል። ምርት ለመጨመር የተረጨው ማዳበሪያ ዓመት በዓመት አሲዱን ያዳብራል ማለት ነው።

ሥሩን የሚጎዳው በዋናነት ሃይድሮጅኑ ራሱ አይደለም። ፒኤቹ 6 ላይ እያለ አሉሚኒየም ሸክላው ውስጥ ተቆልፎ ተቀምጧል። ከ5.5 በታች ሲወርድ መሟሟት ይጀምራል። የሟሟ አሉሚኒየም የሥሩን ጫፍ ያደነዝዛል፤ ሥሩ አጭርና ደንዳና ሆኖ ይቀራል፣ ውሃ ፍለጋ ወደ ታች መውረድ ያቅተዋል። አሉሚኒየምና ብረት ፎስፈረሱንም ያስሩታል፤ ገበሬው «መሬቱ ማዳበሪያ አልቀበል አለ» የሚለው ይህን ነው፤ ማዳበሪያው አፈሩ ውስጥ አለ፣ ተክሉ ግን አያገኘውም። ገብስና ባቄላ ቀድመው ይቀጭጫሉ። አዊ ውስጥ ብዙ ገበሬ እህሉን ትቶ ዲከረንስ የሚባለውን ዛፍ ተክሎ ከሰል ወደ ማክሰል የገባው በዚህም ምክንያት ጭምር ነው።

መድኃኒቱ የታወቀ ነው፣ የተፈጨ የኖራ ድንጋይ። ጥቂቱን በማንኪያ ወስዶ ሎሚ ቢጨምቁበት ቱፍ ብሎ አረፋ ይደፍቃል፤ ካርቦኔቱ ፕሮቶኑን ተቀብሎ ውሃና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲሆን ነው። እርሻ ውስጥም የሚሆነው ያው ነው፣ በዝግታ። ግድግዳ የሚቀባው፣ ተቃጥሎ ውሃ የገባበት ኖራ ግን ሌላ ነው፤ ካልሲየም ሃይድሮክሳይድ ስለሆነ እጅ ይልጣል። እዚህ ላይ ጎበዝ ተማሪን የሚለይ ጥያቄ አለ፦ ጂፕሰምም ካልሲየም አለው፤ ለምን አሲዱን አያጠፋም? ምክንያቱም ሥራውን የሚሠራው ካልሲየሙ አይደለም። ፕሮቶን የሚቀበለው ካርቦኔቱ ነው፤ በጂፕሰም ውስጥ ያለው ሰልፌት አይቀበልም።

ስንት ኖራ ይበቃል የሚለው ላይ ፒኤች ብቻውን አፍ የለውም። አንድ የልማት ሠራተኛ 10 ግራም አፈር በ25 ሚሊ ሊትር ውሃ በጥብጦ፣ አስቀምጦ፣ ኤሌክትሮዱን ነክሮ ያነበበው 5.0 ነው። የጎረቤቱም ማሳ 5.0 ነው። ለአንዱ በሄክታር 15 ኩንታል፣ ለሌላው 30 ኩንታል ተባለ።

«ልጄ፣ ቁጥሩ አንድ ሆኖ እንዴት ነው የእኔ በእጥፍ የሚበልጠው?» ይላሉ ባለ 30ው ገበሬ።

ልጁ ከማሳቸው እፍኝ አፈር ዝቆ፣ በውሃ አርሶ፣ በሁለት ጣቱ እየጨመቀ ረጅም ጥብጣብ ያወጣል። ከጎረቤቱ የወሰደው እንደዚያ አይሳብም፤ ይፈረካከሳል። «አባቴ፣ የእርስዎ ሸክላ ነው፤ አሲዱን ውስጡ ደብቆታል። ውሃው ላይ ያለውን ኖራው ቢያጠፋው ሸክላው መልሶ ያወጣል። የጎረቤትዎ አሸዋማ ነው፤ የተደበቀ ብዙ የለውም።»

መሣሪያው ያነበበው ኪሱን ነው። የኖራውን ልክ ለማወቅ ላቦራቶሪዎች አፈሩን በባፈር ፈሳሽ ወይም አሲዱን በሚያወጣ ጨው ውስጥ በጥብጠው የተጠራቀመውን ይለካሉ፤ ያም ባይሆን የአፈሩን ዓይነት ያያሉ።

ገበሬው ያሰቡት ግን ሌላ ነው። ማዳበሪያ ለአንድ ሄክታር ሁለት ሦስት ኩንታል ቢሆን ነው። ኖራው 30 ኩንታል ነው፤ አህያዋ በአንድ ጉዞ ግማሽ ኩንታል ብትጭን 60 ጉዞ ከመኪና መንገዱ እስከ ማሳው። በዚያ ላይ ዱቄቱ ቀስ ብሎ ስለሚሟሟ ከዘር አንድ ወር ገደማ ቀድሞ መበተንና ከአፈሩ ጋር በደንብ መታረስ አለበት፤ ዝናቡ ማጠቡን ስለማያቆምም ከጥቂት ዓመታት በኋላ ይደገማል። ተመራማሪዎች ኖራውን መላ ማሳው ላይ ከመበተን ይልቅ በትንሽ መጠን ከዘሩ ጋር በመስመር መጨመርን ሞክረዋል፤ መላውን ማሳ ባያክምም ሥሩ ያለበትን ስንዝር መሬት ለዚያ ዓመት ያድናል።

«በመስመሩስ ከሆነ ስንት ኩንታል ነው?» አሉ ገበሬው፣ አህያዋን እያዩ።